ቅቤ የጠጣ ድንጋይ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ከባድ ዕቃ አነሣለሁ» እል ነበር። ጠያቂው ወዲያው ትከሻዬን ያያል። ትከሻዬ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ባለቤቴ ራሷ አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ጓዳ ለማስገባት የጎረቤት ጎረምሳ ትጠራለች እንጂ እኔን አታስቸግረኝም። የእኔ ሥራ ክሬኑ ከማንሣቱ በፊት ያለው ነው። ዕቃው ስንት ይመዝናል፣ ክብደቱ በየትኛው ጎኑ ነው፣ ካቦው በየት በኩል ይታሰራል፣ ሲነሣ ወዴት ይዞራል፣ ማን ከየት ዞር ይበል። ካቦ የምንለው የብረቱን ገመድ ነው። አዳማን ቤቴ አድርጌ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ካቦ ሳስር ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ድርጅቱ ጋቢና የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል፤ ጋቢው ግን ጥሩ ነው።

በሽኝቱ ዕለት ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ፣ በሕይወትዎ ያነሡት ከባዱ ዕቃ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቦይለር ወይም የድልድይ ብረት እንድለው ነበር የጠበቀው። እኔ ግን ወዲያው ያሰብኩት ሦስት ቶን የማይሞላ አንድ ድንጋይ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላወራው አልፈለግሁም፤ ቦይለር ነው ብዬ አለፍኩት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን መዋሸቴ ከነከነኝ፤ ይኸው አሁን ተቀምጬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ላስተዋውቅ። ካፖ በዳሳ የሉሜ ሰው ነበሩ። ካፖ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው፤ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው። የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ኢንጂነሮች ፕላናቸውን ጠቅልለው እሳቸውን ፍለጋ ይመጡ ነበር። ከባድ ዕቃ ፊት ሲቆሙ ኮፍያቸውን ያወልቁና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ይዞሩታል። በዚያ ሰዓት ያወራ ሰው ቀኑን ሙሉ ይኮረፋል። ከዚያ ውሃ በጣሳ ያስመጣሉ። የማሽን እግርም ይሁን ድንጋይ፣ ውሃውን ያፈሱበትና ቁጭ ብለው ሲደርቅ ያዩታል። ደህናው ገጽ ቶሎ ይደርቃል። ስንጥቅ ካለ ግን ውሃው ውስጡ ስለሚቆይ፣ ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ አንዲት ጥቁር መስመር ትቀራለች። ያቺን መስመር ያዩ ቀን ደስታቸው ሌላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂ ነበሩ። ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት ከዕቃው ጋር የኖረውን ሰው ፈልገው «ይሄ ነገር የት ላይ ያመዋል?» ይላሉ። ሻሸመኔ አንድ የዱቄት ወፍጮ ልናነሣ ሄደን፣ ሥራ አስኪያጁን ትተው ወለል የምትጠርገዋን ሴትዮ ጠየቁ። «በዚያ ጥግ ስጠርግ ወለሉ ከበሮ ይመስላል» አለቻቸው። ቆፍረን ስናይ ከሥሩ ማንም የማያስታውሰው የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ክሬኑን እዚያ ላይ ልናቆም ነበር። የሚጠሉት ቃል «ይሆናል» ነበር። «ይሆናል የሚል ሰው ካቦ አይሰር፤ ሄዶ ሎተሪ ይሽጥ» ይሉ ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ቦታቸው ለእኔ ሆነ። በአሰላ መንገድ የድልድይ ብረት አወረድኩ፤ መልካሳ አካባቢ የውሃ ታንከር ሰቀልኩ፤ ኩየራ ጄኔሬተር በጭቃ ውስጥ ጎተትኩ። ብዙ አለቆች አየሁ። ሥራን በጩኸት የሚለካም ነበር፣ ክሬን ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይም ነበር፤ የጸለየው ይሻለኛል። ሰው ሳይጎዳ፣ ዕቃ ሳይሰበር ብዙ ዘመን ሄደልኝ። ካፖ ያስተማሩኝን ሁሉ ይዣለሁ ብዬ አምን ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ከሁሩታ ወደ ላይ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ መንገድ ሲሰፋ ተጠራሁ። መንገዱ ዳር ሁለት የቆሙ ድንጋዮች አሉ። አገሬው ታላቁና ታናሹ ይላቸዋል። ታላቁ ከመሬት በላይ ከሁለት ሰው ቁመት ትንሽ ያንሳል፤ ታናሹ እስከ ትከሻው ይደርሳል። ማን እንዳቆማቸው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ «እኛ ስንመጣ ቆመው ነው ያገኘናቸው፤ ቆሞ ያገኙትን አይጥሉም» ነው የሚሉት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አርባ እርምጃ ወደ ጎን ይዛወሩ ብሎ በደብዳቤ ፈቀደ፤ የቀበሌው ሰውም ተሰብስቦ ተስማማ። የሥራው ኃላፊ ናሆም የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራው ግን ዘግይቶበት እንቅልፍ አጥቷል።

ኮፍያዬን አውልቄ ታላቁን ዞርኩት። ድንጋዩ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተጋግሮ የጠነከረ ዓይነት ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ሙሉ እሱ ነው። የቅርቡ የድንጋይ ገደል ከሸለቆው ማዶ ነው፤ ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንዴት አመጡት? የድንጋዩ ንብርብር ደግሞ ከላይ ወደ ታች በቁመቱ ይወርዳል። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ ንብርብሩ አግድም ቢሆን ኖሮ ሲጎተት እንደ ደረቅ ዳቦ ይቆራረስ ነበር። የጠረበው ሰው ድንጋይ ያውቃል አልኩ በልቤ። ከዚያ ውሃ አስመጣሁና አፈሰስኩበት።

ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ቅቤ የጠጣ ነው። የአገሩ ሴቶች በየዓመቱ ቅቤ ይቀቡታል፤ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ቅቤ ባለበት ውሃ አይገባም፣ ውሃ ካልገባ መስመር አይታይም። በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ድምፁ ሁሉም ጋ ድፍን ነው፣ ምንም አይነግረኝም። መታጠብ አለበት። ይህን አውቄያለሁ፤ እዚያው ቆሜ አውቄያለሁ።

ሠላሳ እርምጃ ርቀው አሮጊቶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። ሄጄ «ይህን ቅቤ ላጥበው» ልበል? ሰው ያከበረውን ነገር እንደ ቆሻሻ ላጥብ ማለት ሆነብኝ። ከሸዋ የመጣ ክርስቲያን ልማዳችንን ናቀ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ኦሮምኛ እንደ አፌ መፍቻ እናገራለሁ፣ አዳማ ነው ያደግሁት፤ ሠላሳ እርምጃ ሄዶ መጠየቅ ምን ነበረበት? ይሉኝታ ያዘኝ። ናሆም ሰዓቱን እያየ «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ይሆናል» አልኩት።

ዙሪያውን ቆፍረን፣ አናቱን በጎማ ጠቅልለን ካቦ አሰርንና ክሬኑ ቀጥ አድርጎ አነሣው። ከመሬት ሲወጣ ምንም አልሆነም፤ ሰዉ አጨበጨበ። ቀጥሎ መኪናው ላይ ለማስተኛት እግሩን በእንጨት ላይ አሳርፈን አናቱን ቀስ እያልን ዝቅ ማድረግ ጀመርን። ድንጋይ ቀጥ ብሎ ሲቆም የፈለገህን ያህል ጫንበት፣ ይችላል። አጋድመህ ጫፍና ጫፉን ብቻ ከደገፍከው ግን መሐሉ በሆዱ በኩል ይሳባል፤ መሳብን ድንጋይ አይችልም። ደህና ድንጋይ ያንን ጥቂት ደቂቃ ይታገሠዋል። ስንጥቅ ያለበት አይታገሥም። ግማሽ ሲጋደም ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የታችኛው ክፍል እንጨቱ ላይ ቀረ፣ የላይኛው ካቦው ላይ ተወዛወዘ። ሰው አልተነካም። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የቀበሌው ሴቶች መንገዱን ዘግተው ቆሙ። እያንዳንዷ ባለትዳር ሲንቄዋን ይዛለች። ሲንቄ አርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ ሴቶች እሱን ይዘው ከወጡ ዶዘር ቀርቶ የዱሮ ባላባትም ይቆም ነበር። አይሳደቡም፣ ድንጋይ አይወረውሩም፤ እርጥብ ሣር ይዘው በዝግታ ይዘፍናሉ። ከፊት የቆሙት አዴ ሩቂያ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ በአገሩ ሁሉ የታወቁ ወጌሻ ናቸው።

«ማነው የሰበረው?» አሉ።

ናሆም «እናቴ፣ ድንጋዩ ራሱ አርጅቶ ስለነበር...» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። «እኔ ነኝ አዴ። ሳልመረምር አነሣሁት።»

«ለምን ሳትመረምር?»

«ቅቤውን ማጠብ ነበረብኝ። እናንተን መጠየቅ አፈርኩ።»

ዘፈኑ ቆመ። አዴ ሩቂያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው የነገርኳቸውን ጮክ ብለው ደገሙላቸው። ከመሐል አንዷ ሳቅ አመለጣት።

«አፈርኩ?» አሉኝ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በፍል ውሃና በአመድ እናጥበዋለን እኮ! ባሮጌ ቅቤ ላይ አዲስ ቅቤ ይቀባል እንዴ? ብትነግረን ተነሥተን አጥበን እናሳይህ ነበር። ቁስሉ እኮ እዚህ ጋ ነበር፣ አንድ ክንድ የሚረዝም፤» ወገባቸውን ነኩ፤ «እናቴም ታውቀው ነበር፣ እናቷም ታውቀው ነበር። ቅቤ የምንሞላበት ለምን መሰለህ? ክረምት ውሃ እንዳይገባበት ነው። ውሃ ገብቶ ውርጭ ሲመታው ይሰፋል።»

እኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ንቀት ነበር። እነዚህ ሴቶች ከአምልኮ በቀር ስለ ድንጋዩ ምንም አያውቁም ብዬ ደምድሜ ነበር። የታመመበትን ቦታ ትውልድ ለትውልድ ሲነጋገሩ ኖረዋል፤ ዝናብ እንዳያስገባም ይደፍኑታል። እኔ ስሚንቶ ገዝቼ የምሠራውን ሥራ እነሱ በቅቤ ሠርተውታል። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሣር ሰጡኝና ተቀበሉኝ። ሴቶቹ ግን አልተበተኑም፤ ታናሹ አለ።

ናሆም ወደ ጎን ወሰደኝ። ከላይ ደውለውለታል፤ ታናሹን በኤክስካቫተር ጎትተህ ጨርስ ብለውታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ የደወሉት ሰዎች ድንጋዩን አይተውት አያውቁም። «ስምንት ቀን ስጠኝ» አልኩት። «ይሄኛውም ከተሰበረ ጋሼ፣ ሁለታችንም እዚህ አገር ዳግም አንሠራም» አለኝ። ከሥራውስ ሌላ እናገኛለን፤ ሁለተኛውን ሰብሬ እነዚያን ሴቶች እንዴት አያቸዋለሁ ነበር ጭንቀቴ።

ወደ አዴ ሩቂያ ተመልሼ የካፖን ጥያቄ ጠየቅሁ። «አዴ፣ ይሄኛው የት ላይ ያመዋል?»

«ና» አሉኝ። ሴቶቹ ውሃ አፈሉ፣ አመድ አመጡ፤ ታናሹን አጠቡት። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በጎኑ ላይ እያስኬዱ፣ የተሰበረ አጥንት እንደሚፈልጉት ፈልገው አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ውሃ አፈሰስኩ። ተቀምጠን ጠበቅን። ድንጋዩ ነጣ፤ ልክ እጃቸው ባረፈበት ቦታ ሦስት ስንዝር የምትረዝም ጥቁር መስመር ቀረች። ናሆም በርከክ ብሎ አያት።

«አሁን እንደ እግር ይታሰራል» አሉ አዴ ሩቂያ። «ግን ያ ረጅም ብረት አይንካው። በሰው እጅ ነው የመጣው፣ በሰው እጅ ይሂድ።» ክሬኑን ማለታቸው ነው። ልከራከር አልፈለግሁም፤ ከእሳቸው ጋር ተስማምቼ ነበር። ክሬን አንድ ቦታ ይዞ ይስባል፤ የታመመ ድንጋይ ግን ከሥሩ በቁመቱ ሁሉ መደገፍ አለበት። አራት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ግንዶች በዙሪያው አቁመን በጠፍር አሰርነው። ውሃ የጠጣ የበሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በሦስተኛው ቀን ግንዶቹ ከድንጋዩ ጋር አንድ አካል ሆኑ። የትኛውም የእኔ ሰንሰለት እንዲያ አያጠብቅም።

ጠፍሩ እስኪደርቅ እግሩ ሥር መቆፈር ያዝን፤ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት እዚያ ነው። በምሥራቅ በኩል አፈሩ ሌላ ቀለም አለው፣ ይፈረፈራል። ተከትለነው ስንሄድ ጉድጓዱ አራት ማዕዘን አይደለም፤ ሦስቱ ግድግዳ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አራተኛው ግን በዝግታ ወደ ላይ የሚወጣ ዳገት ነው። ድንጋዩን በዚህ በኩል አንሸራተው ነው ያስገቡት። ከዳገቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቋቁር መስመሮች አየሁ፤ የበሰበሰ እንጨት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን ያስቅዎታል ጋሼ?» አለ ናሆም።

«የመብራት ኃይል ሠራተኞች ፖል ሲያቆሙ አላየህም? የፖሉ እግር ግድግዳውን እንዳያፈርሰው ጣውላ ያስገባሉ፤ እግሩ በጣውላው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች እሱኑ አድርገዋል።»

ናሆም ሜትርና ስልኩን አውጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «ዳገቱ በዘፈቀደ አይደለም» አለኝ። «ድንጋዩ ወደ ጉድጓዱ ሲገፋ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ የክብደቱ መሐል ከዳገቱ ጠርዝ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በራሱ ይዘነበላል፤ አይነሣም፣ ይወድቃል እንጂ። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ክብደቱ ራሱ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መዘግየቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ከመሬት በታች ያለው የድንጋዩ ክፍል ያልተጠረበበትም ምክንያት ገባን፤ ሻካራነቱ ዙሪያውን የታጨቁትን ድንጋዮች እንዲይዝ ነው። ድንጋዮቹንም ሲያጭቁ በቁልቁለቱ በኩል ትልልቁን፣ በሌላው ትንንሹን አድርገዋል። ካፖ በዳሳ በሕይወት ኖረው ቢያዩት ብዬ ዓይኔ ውሃ ሞላ።

በገባበት ዳገት ላይ ቀስ ብለን አጋድመን አወጣነው። በክብ እንጨት ላይ አንከባለልነው፤ አርባዋ እርምጃ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀች። አዲሱን ጉድጓድ በአሮጌው ልክ ቆፈርን፣ ግድግዳው ላይ ጣውላ ደረደርን። በስምንተኛው ቀን አናቱን በረጅም እንጨት እየፈነቀልን፣ ከሥሩ ግንድ እየጨመርን፣ በስንዝር በስንዝር ከፍ አደረግነው። እግሩ ጣውላው ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ ምድር በጫማዬ ሥር ስትነቃነቅ ተሰማኝ። ከፊት ሰዉ በገመድ ይስባል፣ ከኋላ እንዳያልፍ ይይዛል። እኔ «ሳብ!» እያልኩ ልቆጥር ስል ሴቶቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ሁሉም በዘፈኑ ምት እኩል ሳበ። የእኔ ጩኸት አላስፈለገም። ቀጥ ሲል ቱንቢ ጣልኩ፤ ገመዱ ከድንጋዩ ጎን ልክ ገጠመ። ጉድጓዱን አጭቀን፣ ጠፍሩን ፈትተን፣ ውሃ አፈሰስን። መስመሯ ሦስት ስንዝር ነበረች፤ ሦስት ስንዝር ሆነች። የተሰበረውንም ሁለት ክፍል አጠገቡ አስተኛነው።

አዴ ሩቂያ እጄን ይዘው ቅቤ ውስጥ ነከሩትና አውራ ጣቴን ስንጥቁ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ወፈር አድርግ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሁሩታ እወጣለሁ። አብረን እናጥባለን፣ መስመሯን በገመድ እለካለሁ፣ ቅቤ እንሞላለን። መንደሩ ውስጥ «ክሬን የሚያዘው ሰውዬ ከአሮጊቶቹ ጋር ቅቤ ቀቢ ሆነ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ዘንድሮ ስሄድ አዴ ሩቂያ አልወጡም። ታመው ተኝተዋል፤ ልጃቸው «ሐኪምም ተስፋ አልሰጠንም» ብላ ነገረችኝ። ድንጋዩን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አጠብን። ውሃ አፈሰስኩ፣ ጠበቅሁ። ገመዴን አስጠጋሁ፤ ደግሜ አስጠጋሁ። መስመሯ በአንድ ጣት ረዝማለች።

ሊጠይቁኝ እንደሆነ እያወቅሁ ወደ ቤታቸው ገባሁ። ከስተው አንሶላው ውስጥ ጠፍተዋል። ዓይናቸውን ገልጠው «ቁስሉ እንዴት ነው?» አሉኝ። በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ደህና ነው በላቸው ማለቷ ነው። የሚሞት ሰው ክፉ ወሬ አይነገረውም። እኔም ልለው ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«በአንድ ጣት ረዝሟል አዴ» አልኳቸው።

ልጃቸው ፊቷን አዞረች። አዴ ሩቂያ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ሊሉ ሞከሩና ትከሻዬን ያዙ።

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች።»

«እንግዲያው ምን ትሠራለህ እዚህ?» አሉኝ። «ተነሥ፣ ልጆቹን ጥራ፤ ጠፍሩ ዛሬውኑ ውሃ ይግባ።»